በመስታወት ፊት የተማረ ጭፈራ

ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሲኒማ ያየነው ፈረስና ቀስት ነው። ዛሬ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከተማ ነው የሚኖሩት፤ አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ይህን ኑሮ ከውስጥ ሆኖ የጻፈልን ቶሚ ኦሬንጅ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ ተወለደ፤ የሻያንና የአራፓሆ ነገዶች አባል ነው። በ2018 የወጣው «ዜር ዜር» የተባለ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ2019 ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆኖ ነበር።

ታሪኩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1952 ጀምሮ፣ በ1956 ደግሞ በሕግ አጠናክሮ፣ ነባሮቹን ሕዝቦች ከተከለለላቸው መሬት አንሥቶ በከተማ የሚያሰፍር ፕሮግራም ነበረው። ለሚሄደው ሰው የጉዞ ቲኬትና ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከተማ ከገባ በኋላ ግን ብዙው በዝቅተኛ ደመወዝና በጠባብ ቤት ብቻውን ቀረ። ከእነዚያ ከተሞች አንዷ ኦክላንድ ናት።

በመጽሐፉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች በየተራ ይታያሉ፤ መንገዳቸው ሁሉ ወደ አንድ ፓውዋው ያመራል። ፓውዋው ማለት የተለያዩ ነገዶች ተሰብስበው በከበሮ የሚዘፍኑበትና የሚጨፍሩበት በዓል ነው። ከሁሉ ልቤን የነካው ግን በዓሉ ሳይሆን የአንድ ቤት ጓዳ ነው። ኦፓል የተባለች ሴት ደብዳቤ በየቤቱ እያደለች የእኅቷን ሦስት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ትልቁ፣ ኦርቪል፣ ዕድሜው 14 ነው። እሷ ስለ ነገዳቸው ምንም ስለማትነግረው፣ በቁም ሣጥኗ ያገኘውን የጭፈራ ልብስ ተደብቆ ይለብሳል። ልብሱ ይጠበዋል። ጭፈራውንም ከዩቲዩብ እያየ በመስታወት ፊት ብቻውን ይለማመዳል።

ኦፓል ክፉ ሴት አይደለችም። እንዲያውም በልጅነቷ እናቷ ነባሮቹ ከኅዳር 1969 እስከ ሰኔ 1971 በያዟት በአልካትራዝ ደሴት አኑራታለች። በእሷ ዘንድ ግን ያለፈን ነገር መማር ጊዜና ገንዘብ ላለው ሰው የሚሆን ቅንጦት ነው፤ ልጆቹ መጀመሪያ መብላትና መማር አለባቸው። ይህን ንግግር የማያውቀው አዲስ መጪ ቤተሰብ የትኛው ነው? ደራሲው ኦፓልን ሳይፈርድባት፣ ልጁንም ሳይቀልድበት ሁለቱን አቅርቦ ማሳየቱ ትልቅ ችሎታው ነው።

ጉድለቱን ደግሞ አልሸፍንለትም። መጽሐፉ የሚያልቀው ከራሳቸው ከነባሮቹ ወገን የሆኑ ወጣቶች ፓውዋውን ሊዘርፉ ገብተው በሚነሣ ተኩስ ነው። ተኩሱ አንባቢን ይይዛል፤ ማኅበረሰቡን ግን ይሸፍነዋል። የመጽሐፉ ሰዎች ባንድነት የሚታዩት ለበዓልና ለመከራ ብቻ ነው፤ የአዘቦቱ ቀን ይጎድላል። በእውነተኛይቱ ኦክላንድ ግን ከ1955 ጀምሮ የነገዶች የወዳጅነት ቤት የሚባል ማዕከል አለ፤ ከገጠር የመጡ ቤተሰቦች አብረው የሚበሉበት፣ ልጆች ከበሮና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። እንደ እኛ መታናስ ያለ ነው። በልብ ወለዱ ማዕከል ውስጥ የምናየው ግን በዋናነት ፓውዋው ለማዘጋጀት የሚሰበሰብ ኮሚቴ ነው። ኦርቪልን ቀርቦ «እግርህን እንዲህ አንሣ» የሚለው አንድ ሽማግሌ እንኳ አላገኘሁም።

ሌላም የቀረ ነገር ነበር፦ ኦፓል ዝምታን ከየት ተማረች? መልሱን ደራሲው በ2024 ባወጣው «ዋንደሪንግ ስታርስ» በተባለው ሁለተኛ መጽሐፉ ሰጥቷል። እዚያ ላይ ታሪኩ በኮሎራዶ፣ ሳንድ ክሪክ በ1864 ከተፈጸመው ጭፍጨፋ ይነሣል። ከዚያ የተረፈው ሰው ልጅ በፔንስልቬንያ ወደ ካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ከ1879 እስከ 1918 በቆየው በዚያ ትምህርት ቤት የልጆቹ ጠጉር ይቆረጥ፣ ስማቸው ይለወጥ፣ ቋንቋቸውም ይከለከል ነበር። ዘሩ እየወረደ ኦፓል ቤት ሲደርስ ዝምታዋ የእሷ ብቻ አለመሆኑ ይገባናል። ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት አብሮ ማንበብ ይሻላል።

ይህን ከእኛ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። እነሱ በገዛ አገራቸው ባይተዋር ተደረጉ፤ እኛ ስንናፍቃት ወደኖርናት አገር መጣን። ሆኖም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በፕኒሚያ አድገዋል፤ ልጅና ወላጅ በሁለት ቋንቋ ሲለያዩ በመካከል የሚገባውን ዝምታ እናውቀዋለን። ሰግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል መሆኑ ያስደስታል። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን ለልጅ አይበቃውም፤ ቀሪው ዓመት የሚያልፈው በቤትና በሰፈር ነውና።

መጻሕፍቱ ሱስና ግድያ ስላለባቸው ለትንንሽ ልጆች አይሆኑም። ለጎለመሱት ግን ጥሩ መነጋገሪያ ናቸው። ካነበባችኋቸው በኋላ ልጃችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ስለ እኛ ከሰው ያልሰማኸው፣ በስልክህ ፈልገህ ያገኘኸው ምንድን ነው? መልሱን ስትሰሙ የቀረውን እናንተው ንገሩት።