ከሥርጭት በኋላ፦ የስተድስ ተርክል የሬዲዮ ውይይቶች ክምችት ለትምህርት ያለው ዋጋ

መግቢያ

ስለ ሬዲዮና ትምህርት ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሥርጭቱ ጉዳይ ነው። መቀበያው በየትምህርት ቤቱ ደርሷል ወይ፣ የሥርጭቱ ሰዓት ከክፍለ ጊዜው ጋር ይስማማል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢዎች ናቸው። ሆኖም ሥርጭቱ ካበቃ በኋላ ድምፁ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል አይታሰብበትም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ አንድ የታወቀ ክምችት ይመረምራል። ይኸውም ስተድስ ተርክል በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከደራስያን፣ ከኪነ ጥበብ ሰዎችና ለማኅበራዊ ለውጥ ከታገሉ ሰዎች ጋር በሬዲዮ ያደረጓቸው ውይይቶች ስብስብ ነው።

ተርክል በ1912 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ2008 ያረፉ፣ ሕግ ተምረው በሙያው ያልሠሩ ሰው ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት ከቴሌቪዥን ሥራ ከተገለሉ በኋላ፣ ደብልዩ ኤፍ ኤም ቲ በተባለው የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ከ1952 እስከ 1997 ለ45 ዓመት አገልግለዋል። ከዚህ ሥራ 5,600 ያህል ዝግጅቶች ተርፈዋል። ክሮቹ ወደ ቺካጎ የታሪክ ሙዚየም ገብተው፣ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትብብር በዲጂታል መልክ መገልበጥ ጀመሩ። ከ2018 ወዲህም በርካታዎቹ ማንም ሰው በነፃ ሊያዳምጣቸው የሚችሉ ሆነዋል።

የጠያቂው ዘዴ

የክምችቱ ዋና ዋጋ የታላላቅ ሰዎች ስም መብዛቱ አይደለም። ዋጋው በጥያቄው አጠያየቅ ላይ ነው። ተርክል እንግዳቸውን ከመጋበዛቸው በፊት መጽሐፉን ያነባሉ፤ ኅዳጉንም በማስታወሻ ይሞላሉ። በውይይቱ መካከል ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ ወይም ሸክላ ያስደምጣሉ። ጥያቄው የሚመነጨው ከዚህ ዝግጅት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ከደራሲው ጄምስ ቦልድዊን ጋር በ1961 ያደረጉት ውይይት ነው። ተርክል የጀመሩት ስለ ዘር ጥያቄ አስተያየት በመጠየቅ አልነበረም፤ የብሉዝ ዘፋኟን የቤሲ ስሚዝን ሸክላ አስደመጡና ዘፈኑ ምን እንዳሳደረባቸው ጠየቁ። ቦልድዊንም በስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ተቀምጠው በ1953 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ሲጨርሱ ይህችኑ ዘፋኝ ያዳምጡ እንደነበር ተረኩ። በአገራቸው ሳሉ ከኀፍረት የተነሣ የሸሹት ድምፅ፣ በባዕድ አገር በልጅነታቸው የተናገሩበትን ቋንቋ መልሶ ሰጣቸው። በቤቱ አነጋገር የሚያፍር ልጅ በክፍሉ ላለው መምህር ይህ ንግግር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የዕለት ሥራው ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ መልስ በተለመደ መጠይቅ ሊገኝ ባልቻለም ነበር።

ይኸው ዘዴ ለዝነኞች ብቻ የተቀመጠ አልነበረም። ተርክል ደጋግመው ይተርኩት የነበረ አንድ ገጠመኝ አለ። በመንግሥት የኪራይ ቤቶች የምትኖር አንዲት ድኻ እናት የተቀዳ ድምፅዋን መልሳ ስትሰማ፣ እንዲህ ያለ ስሜት በውስጧ መኖሩን ከዚያ በፊት አለማወቋን በመገረም ተናገረች። በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ መላሹ ራሱ የማያውቀውን ያወጣል ማለት ነው።

የክምችቱ ጉድለት

ይህ ሲባል ክምችቱ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ተርክል የተገፉትን ወገን የሚደግፉ ሰው ስለ ነበሩ፣ ከሚስማሟቸው እንግዶች ጋር ሲወያዩ የተቃራኒውን ወገን መከራከሪያ ሁልጊዜ አያቀርቡም። አንዳንድ ጊዜም ራሳቸው አብዝተው በመናገር የእንግዳውን ሐሳብ ይቀድማሉ። ስለዚህ ውይይቶቹ ለታሪክ ትምህርት ሲውሉ ከሌሎች ምንጮች ጋር መመሳከር ይኖርባቸዋል። በሌላ በኩል ተርክል ለመሣሪያ እንግዳ ስለ ነበሩ የአንዳንድ ታላላቅ ሰዎችን ድምፅ በስሕተት አጥፍተዋል። ይህን ራሳቸው ሳይደብቁ ተናግረውታል። የጠፋውን ድምፅ መልሶ የሚያመጣ ጥናት የለም። ጸሐፌ ተውኔት ሎሬይን ሃንስቤሪ በ34 ዓመታቸው በ1965 ሲሞቱ፣ በ1959 ከተርክል ጋር ያደረጉት ውይይት ተቀድቶ ባይቆይ ኖሮ ዛሬ ከድምፃቸው የምናገኘው ምን ያህል በቀነሰ ነበር!

ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ፋይዳ

የድምፅ ኃይል ለእኛ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ላላነበበውም ሰው ደርሷል። ከተርክል ክምችት የምንማረው ግን ሁለት ሌላ ነገር ነው።

አንደኛው የመምህሩ ድርሻ ነው። በክፍል የምንጠይቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን አስቀድመን የምናውቀው ነው፤ ተማሪውም የሚመልሰው እኛ የምንጠብቀውን ነው። እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በሆነበት በሁለተኛ ደረጃ ከእነዚህ ውይይቶች አጫጭር ክፍሎችን ማዳመጥ ይቻላል። ዓላማው የመልሱን ይዘት ማስታወስ ብቻ መሆን የለበትም፤ ጥያቄው ከምን ዝግጅት እንደ ተወለደ መመርመር ይገባል። ቀጥሎም ተማሪው በአካባቢው ያለ ሸማኔን፣ አዝማሪን ወይም አረጋዊ መምህርን አስፈቅዶ በራሱ ቋንቋ ይጠይቅ፤ ይቅዳም።

ሁለተኛው የዕቅድ አውጪው ድርሻ ነው። ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ስም ያልተመዘገበበት ቅጂ ከዓመታት በኋላ የማን ድምፅ እንደ ሆነ አይታወቅም። በጽሑፍ የተገለበጠውም ቢሆን ማመንታትን፣ ሣቅንና ዝምታን አይዝም፤ ስለዚህ ወረቀቱ አለ ተብሎ ድምፁ ሊጣል አይገባም። ለመቅዳት በጀት ሲያዝ ለመመዝገቢያና ለመጠበቂያም አብሮ መያዝ አለበት። ሽማግሌ ሲሞት የሚጠፋውን ዕውቀት በመቅዳት እናድናለን ብለን፣ የቀዳነውን ራሱን በመደርደሪያ ላይ ካጠፋነው ድካሙ ሁለት ጊዜ ከንቱ ይሆናል።