የመጨረሻው ሰው ምሳ

ሸኖ ላይ ምሳ በልተን ስናበቃ «እንነሳ እንጂ፣ ዝናብ ሳይዘን!» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የዛሬው ወቀሳ ከራሴ ይጀምራል።

ሰባት ሆነን በብስክሌት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን፤ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሸኖ ከግማሽ በላይ ነው። ጉልበተኞቹ ቀድመን ደረስን፤ ታጠብን፣ ጥብሳችንን በላን፣ ቡናችንን ጠጣን፣ እግራችንን ዘረጋን። ብስክሌት ከጀመረ ወር ያልሞላው ልጅ የደረሰው ትሪው ላይ እንጀራው ብቻ ሲቀር ነው። «ና ብላ!» አልነው፣ ሳናፍር። ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ ተነሳን።

ጫጫ ሳንደርስ እጁ እየተንቀጠቀጠ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። አንዲት እናት ከቤታቸው በሶ በጥብጠው አመጡለት። ልጁ ሲጠጣ እኛን ዞር ብለው አዩንና፣ «ምነው ልጆቼ፣ አብራችሁ አልበላችሁም እንዴ?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም።

«ልምድ ስለሌለው ነው» ተባባልን በኋላ። ነገሩ ግን የሂሳብ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ መውሰድ አለበት። ዘግይቶ የሚደርሰው ደግሞ ረጅሙን ሰዓት የነዳው ነው። ከሁሉ ይበልጥ መብላትና ማረፍ ሲገባው፣ ትንሹ ምሳና አጭሩ እረፍት የሚደርሰው ለሱ ነው። እረፍቱን የሚለካው የቀደመው ሰው ሰዓት ነዋ!

በሰከንድ በሚሸናነፉበት በቱር ደ ፍራንስ እንኳ፣ ረዳት ብስክሌተኞች ወደ ቡድናቸው መኪና ወደ ኋላ ተመልሰው ለጓደኞቻቸው ውኃና ምግብ ተሸክመው ይመጣሉ። እኛ የምንሸለመው ዋንጫ የለ፣ ምን አጣደፈን? ቤታችን እንግዳ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የማንቆርስ ሰዎች፣ ኮርቻ ላይ ስንወጣ ያ ወግ የት ይገባል?

መላው ከባድ አይደለም። አያቶቻችን ለረጅም መንገድ ስንቅ ይዘው ነበር የሚወጡት፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይበላሽም፣ እየነዱ ይቆረጠማል። ጥብሱ ደብረ ብርሃን ይጠብቀን። የእረፍቱ ሰዓት ደግሞ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው እጁን ሲታጠብ ይሁን።

በሚቀጥለው ጉዞ «እንነሳ» የሚለው ያ ልጅ ነው። እኔ አፌን ይዤ እጠብቃለሁ።