ዝግ ያለ ሁሉ ሐዘን ነው ወይ?

በዚህ እትም ስለ አንድ የሙዚቃ ሥራ ልንጽፍ የተነሣነው በራሳችን ስሕተት ምክንያት ነው። በመንደር 8 ባካሄድነው የማዳመጥ ትምህርት ላይ የቤትሆቨንን ሰባተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል አሰማንና ሦስት ነገር ጠየቅን፤ ፍጥነቱ ምን ዓይነት ነው? ቅኝቱስ? ስሜቱስ? አብዛኞቹ ተማሪዎች «ዝግተኛ፣ ማይነር፣ ሐዘን» ብለው ጻፉ፤ ሙሉ ማርክ ሰጠናቸው። አንዲት ተማሪ ግን ለሦስተኛው ጥያቄ «ብዙ ሰው እየሄደ ነው» ብላ መለሰች። ኤክስ አደረግንባት። በኋላ ሙዚቃውን ረጋ ብለን ደግመን ስንሰማው ከሁላችንም በደንብ የሰማችው እሷ ሆና አገኘናት።

እስቲ ከፍጥነቱ እንጀምር። ቤትሆቨን በክፍሉ ራስ ላይ የጻፈው «አሌግሬቶ» የሚል ቃል ነው። ይህ ፈጠን ያለ፣ ግን በልኩ ማለት ነው እንጂ ዝግተኛ ማለት አይደለም። ኋላ ላይም በሜትሮኖም ልኩን ሲያስቀምጥ በደቂቃ 76 ምት ብሎታል። በዚህ ልክ ከተጫወቱት ከሰባት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዝግ ያለ የሚመስለን የሲምፎኒው ሌሎች ክፍሎች ስለሚሮጡ ነው። 76 ምት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ፣ የሞላ ጀሪካን ይዞ ከውኃ መቅጃ የሚመለስ ሰው እርምጃ ይቁጠር፤ ብዙም አይርቅም።

ምቱ ደግሞ ያው አንድ ነው፦ ረጅም፣ አጭር አጭር፣ ረጅም ረጅም። ጠረጴዛ ላይ በጣት ምቱት። መጀመሪያ የትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ ድምፅ በኃይል አሰምተው እየቀነሱ ይጠፋሉ። ከዚያ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ከታች፣ በጣም ቀስ ብለው ያን ምት ይጀምራሉ። ዜማው ዜማ ለመባል እንኳ ያንሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ የሚረግጥ ነው። ሲደገም ሁለተኛ ቫዮሊኖች ይቀበሉትና ከሥሩ ሌላ ረጅም ዜማ ይገባል። እንደገና ሲደገም አንደኛ ቫዮሊኖች፣ በመጨረሻም መላው ኦርኬስትራ። አንድ ሰው፣ ከዚያ ጥቂት ሰዎች፣ ከዚያ መንገዱ ሙሉ! ተማሪዋ የጻፈችው ይህንኑ ነው። (ለመምህራን፦ በስልክ ስፒከር የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ አይሰማም ማለት ይቻላል። ስልኩን ባዶ ብረት ድስት ውስጥ አስቀምጡት፤ ሞክረነዋል።)

ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1813 በቪየና፣ በሃናው ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነበር። ሰሚው ይህን ክፍል «ይደገም» ብሎ አስደገመው። ልቅሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድገሙልን ይል ነበር ወይ? ለነገሩ እኛም ትዝታን እናስደግማለን።

ወደ ቅኝቱ ስንመጣ፣ ኤ ማይነር መሆኑ እውነት ነው። «ማይነር ከሆነ ሐዘን ነው» የሚለው ሕግ ግን በእኛ ጆሮ አይሠራም። ትዝታን ውሰዱ። አንደኛው የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህን አምስት ድምፆች በአውሮፓ ሙዚቃ ላደገ ሰው ብታሰሙት ሜጀር ነው፣ ደስ ይላል ይላችኋል። ለእኛ ግን የናፍቆት ቤት ነው። ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉበት ማይነር ትዝታም አለ፤ ይበልጥ ያንገበግባል የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም፤ በሜጀሩም ስንቱ አልቅሷል። እዚህ ሱዳንም ዘፈኑ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው። መሐመድ ዋርዲን ብዙ ኢትዮጵያዊ የወደደው ዐረብኛው ገብቶት አይደለም፤ ድምፆቹ የጎረቤት ድምፅ ስለሆኑበት ነው። በዚያው በአምስት ድምፅ ሰርግ ላይ ይጨፈራል።

ቅኝት ምንም አይሠራም ማለታችን ግን አይደለም። በሲምፎኒው ክፍል መሀል ላይ ሙዚቃው ወደ ኤ ሜጀር ይዞራል፤ ክላርኔትና ባሱን ለስላሳ ዜማ ያወጣሉ፤ ደመና እንደተገለጠ ነው የሚሰማው። አሁን ወደ ታች ስሙ። ባሶቹ ያን ምት አልተዉትም። ቅኝቱ ተለወጠ፣ ሰማዩ በራ፣ እግሮቹ ግን አላቆሙም። ይህን ቦታ «ደስታ» ብሎ የመለሰ ተማሪ የላዩን ብቻ ሰምቷል፤ እኛም «ሐዘን» ስንል ሌላውን ግማሽ ብቻ ነበር የሰማነው።

ስለዚህ ይህን ክፍል ወደ አሥር ደቂቃ ጎትተው የሚጫወቱት ኦርኬስትራዎች፣ ትልልቆቹም ሳይቀሩ፣ ያበላሹታል ባዮች ነን። ዝግታው ሲበዛ እርምጃው ይሰበርና ሰዎቹ ቆመው የሚያለቅሱ ይመስላል። ጓይላ የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም። መጀመሪያ ጨፋሪዎቹ ክብ ሠርተው በቀስታ ሲዞሩ ማን አዝነዋል ይላል? ከበሮው እስኪፈጥን እየተዘጋጁ ነው። የቤትሆቨን ከበሮ ግን አይፈጥንም። ክፍሉ የሚያበቃው በጀመረበት በዚያው የትንፋሽ መሣሪያዎች ድምፅ ነው። የሄዱት ሰዎች ሲደርሱ አንሰማም።

የተማሪዋ ማርክ ተስተካክሏል። ለሚቀጥለው ያዘጋጀነው እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የተጫወቱትን፣ «ቤት አልባው ተንከራታች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ሥራ ነው። እማሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በአዚናራ ደሴት ታስረው የነበሩ፣ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም ገዳም ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉ ናቸው። የእሳቸው መንገደኛ እንደ ቪየናው ሰልፍ እኩል አይራመድም። ምቱ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ እንደ ትንፋሽ ነው። ስለ ስሜቱ ከመጻፋችሁ በፊት ተነሥታችሁ በእግራችሁ ሞክሩት።