ዘውድና ጎፈር ሲጣሉ፦ የካዚኖ ቶክኖች የኅትመት ስሕተትና የሰነድ ክፍተት

በሰብሳቢዎች ገበያ ተበላሽቶ የታተመ ቶክን ከደኅናው ይልቅ ይወደዳል። የፊቱ ገጽ የአንዱ ካዚኖ፣ የኋላው የሌላው ሆኖ ከወጣ ወይም ምስሉ ወደ ዳር ከሸሸ ዋጋው ይንራል። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው ስያሜውን ነው። አታሚው ምን ሊያትም እንዳሰበ የሚመሰክር ሰነድ በሌለበት አንድን ቶክን “ስሕተት” ብሎ መመዝገብ ግምትን እንደ ማስረጃ መቁጠር ነው።

ክፍተቱ ከቶክኖቹ አመጣጥ ይጀምራል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የኔቫዳ ቁማር ማሽኖች የሚጎርሱት እውነተኛ የብር ዶላር ነበር። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በማርች 1964 የብር ዶላር መስጠቱን ሲያቆም ካዚኖዎች ምትክ ፈለጉ። ጆሴፍ ሲገል የመሠረተው፣ በኋላ ፍራንክሊን ሚንት የተባለው የግል ድርጅትም ቶክን ያትምላቸው ጀመር። የመንግሥት ማተሚያ ቤት ስንት ሳንቲም እንዳተመ ለሕዝብ ያሳውቃል፤ የግል አታሚና የደንበኛው ውል ግን በሁለቱ መዝገብ ቤት ይቀራል። የኔቫዳ ደንብ ደግሞ ከአገልግሎት የወጣ ቶክን እንዲወገድ ያዛል። ካታሎግ አዘጋጁ እንግዲህ ከጥፋት የተረፈውን ቆጥሮ ስለታተመው ይናገራል።

የገጾቹን አቀማመጥ እንመልከት። የአሜሪካ ሳንቲም ከላይ ወደ ታች ሲገለበጥ የኋላው ምስል ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ሜዳሊያ ግን የሚቃናው እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ሲገለበጥ ነው። የግል አታሚ ሁለቱንም ልማድ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ “180 ዲግሪ የዞረ” ተብሎ በስሕተትነት የተመዘገበ ቶክን፣ በሌላ ዙር ትእዛዝ ማተሚያ ቅርጹ በሜዳሊያ አሠራር ታስሮ የወጣ ሊሆን ይችላል። ዙሩ 20 ወይም 30 ዲግሪ ከሆነ ግን ቅርጹ ላልቶ መንሸራተቱን መጠርጠር ያስኬዳል፤ አስቦ እንዲህ የሚያስር የለምና። የሁለት ካዚኖ ገጾች የተዳቀሉበት ቶክንም የስሕተት ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ያም ቢሆን ለናሙና ወይም ለሰብሳቢ ሆን ተብሎ አለመታተሙ መጣራት አለበት።

የተቀረጸ ዓመትም ብቻውን አያስተማምንም። የእኛው የማርያ ትሬዛ ብር እቴጌይቱ ያረፉበትን 1780 እንደያዘ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም በቪየና፣ በሮምና በለንደን ታትሟል።

መዝገብ ሲኖር ምን እንደሚፈይድ የሉዊስ ኮላቬቺዮ ጉዳይ ያሳያል። በ1996 የተያዘው ይህ የሮድ አይላንድ ሰው አስመስሎ የሠራቸው ቶክኖች በዓይን አይለዩም ነበር። ካዚኖዎችን ያነቃቸው በቆጠራ ከተመዘገበው በላይ ቶክን መገኘቱ ነው። ቆጠራ ባይኖር ኖሮ የእሱ ሥራ ዛሬ በካታሎግ “ልዩ ዓይነት” ተብሎ በተቀመጠ ነበር።

ስለዚህ ካታሎጎች የታየውን ከተተረጎመው ይለዩ። ክብደት፣ ስፋት፣ የዙር ዲግሪና የአታሚ ምልክት በአንድ ዓምድ፣ ፍርዱ በሌላ ይስፈር። “ስሕተት” የሚለው ፍርድም የትእዛዙ ሰነድ ወይም የአታሚው ቃል እስኪገኝ የጥያቄ ምልክት አይለየው።