ፊደል መቁጠርና ማንበብ

በመተማና በገዳሪፍ መካከል ያለው የድንበር አካባቢ ሁለት ፊደላት የሚገናኙበት ሥፍራ ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ቤተሰቦች በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ብዙዎችን በጋላባት በኩል ወደ መተማ አሻግሯል። በዐረብኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ የግዕዝ ፊደል ሊጠብቀው ይችላል፤ የሌላውም ዕጣ እንዲሁ ነው።

በየክፍሉ የተለመደው ዘዴ የፊደል ገበታ ሰቅሎ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ማስባል ነው። ነቀፌታችን በዚህ ላይ ነው። «ሩ»ን ለብቻው ሲያሳዩት ከ«ረ» ተነሥቶ ካልቆጠረ የማይደርስበት ልጅ የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። የኔታዎችም ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» የተባለው ሌላ ተራ ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ያስገድዳል። ከዚያም በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያሳልፉታል። የዚያ ትምህርት ጉድለት፣ ልጁ የሚያነበውን ግዕዝ ትርጉሙን አለማወቁ ነበር።

በሌላ ወገን፣ ፊደሉን ችላ ብሎ ምንባቡን በቃል ማስያዝም መፍትሔ አይሆንም። በዐረብኛ ጽሑፍ አጫጭር አናባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ አይጻፉም፤ አንባቢው ራሱ ይሞላቸዋል። በእኛ ግን አናባቢው ከፊደሉ ቅርጽ ጋር ተዋሕዷል። ስለዚህ ከገዳሪፍ የመጣ ልጅ «በ»ን፣ «ቡ»ንና «ቢ»ን ቢያምታታ ስንፍና አይደለም፤ ልዩነቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ይሁን እንጂ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። የእኛም ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል፤ የሚለየው የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ጥቂት ፊደላትን ከነድምፃቸው ያስተምር፤ በእነርሱ የተሠሩ ቃላትን ያስነብብ፤ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ አጭር ታሪክ አንብቦ ይጠይቀው፤ በመጨረሻም ያጽፈው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ይህ የታች ክፍል ጉዳይ ነው ብለን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ልናልፈው አይገባንም። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ መረዳት የሚያቅተው ተማሪ የሚመጣው ለእኛ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስተማሪ ሆነው ተሰልፈው ነበር። ዛሬም አንድ ትልቅ ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ከታናሹ ጋር ቢያነብ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ።