የሆላንድ ሜዳና የአራዳ ጣሪያዎች

የመልክዓ ምድር ሥዕል በአንድ አገር የሚያብበው የአገሩ ተፈጥሮ ስላማረ ብቻ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ኖሮ የሰሜንን ተራራና የዓባይን ሸለቆ የታደለችው ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ ከብዙዎች በቀደመች ነበር። የሆላንድ ምድር ግን ተራራ የሌለው፣ ዝቅተኛና ረግረጋማ ነው፤ ሆኖም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለዘርፉ አርአያ የሆኑ ሠዓልያን የወጡት ከዚያው ነው።

ምክንያቱ የሚገኘው በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ነው። ሆላንዳውያን ከእስፓኝ አገዛዝ ጋር ለረጅም ዘመን ታግለው እ.ኤ.አ. በ1648 ነጻነታቸው ታወቀላቸው። ከመሬታቸውም ጥቂት የማይባለውን በነፋስ ወፍጮ ውሃውን እየቀዱ ከሐይቅ የነጠቁት ነው፤ በ1612 የደረቀው የቤምስተር ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። የካልቪን ተከታዮች ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለማታሠራ ሠዓሊው ፊቱን ወደ ገበያ መለሰ፤ ገዢዎቹ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ሆኑ። እነዚህም በግድግዳቸው ላይ ሊያዩ የወደዱት በክንድ የቀናውን አገራቸውን ነበር።

በዘ ሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም የሚገኘውን የያኮብ ፋን ራይስዳልን የሐርለም ትዕይንት እንመልከት። ከትንሹ ሸራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የያዘው ሰማይ ነው። ከታች በሜዳው ላይ የሐርለም የተልባ እግር ጨርቅ በፀሐይ እንዲነጣ ተሰጥቷል፤ ደብሩ በአድማስ ላይ በርቀት ይታያል። ደመናው ሲከፈት ብርሃኑ የሚያርፈው በቤተ መንግሥት ላይ ሳይሆን በዚህ የሥራ ቦታ ላይ ነው። በመስክ ላይ የተሰጣ ሸማ ላየ ሰው ሥዕሉ እንግዳ አይሆንበትም።

ይሁን እንጂ አድናቆታችን መርማሪ ሊሆን ይገባል። ከባሕር ማዶ በቅኝ ግዛትና በባሪያ ንግድ የተገኘው ሀብት በዚህ ሰላማዊ ሜዳ ላይ አይታይም። ራይስዳልም ያየውን እንዳለ የሚቀዳ አልነበረም፤ «የአይሁድ መቃብር» በተባለው ሥዕሉ እውነተኛ የመቃብር ድንጋዮችን በስፍራው ካልነበረ ፍርስራሽ ጋር አዋሕዷል። እንግዲህ ጥበቡ የሚለካው በመምረጥና በማደራጀት እንጂ በመቅዳት አይደለም።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳኑ ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በቀለም ንጣፍ ፊት ነው። ይህም የሙያ ማነስ ሳይሆን ዓይን ከስፍራው ይልቅ በቅዱሱ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርቱ ግን ለወጣቱ ሠዓሊ ሌላ የአስተያየት በርም ተከፈተ። ዛሬ መጠየቅ ያለበት በዚያ በር ወጥተን ምን እንዳየን ነው።

ጥያቄው ለአራት ኪሎ ሠዓሊ እጅግ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 የዴልፍት ከተማ ከፊሏ በባሩድ ፍንዳታ በፈረሰች ጊዜ ኤግበርት ፋን ደር ፑል ያንን ዕለት ደጋግሞ ሥሎታል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ የዛገው ቆርቆሮ ጣሪያና ጠባቡ መተላለፊያ ከእንግዲህ ቆሞ ሊሣል አይችልም። ፎቶግራፉ የቤቱን መልክ ያቆይልናል፤ ነዋሪው ለሰፈሩ የነበረውን ስሜት መርጦ፣ አጉልቶና አደራጅቶ ማቆየት ግን የሠዓሊው ፈንታ ነው። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ቀለምና ወረቀት አስይዘው ወደ አራዳ ቁልቁለት ይውረዱ። የሆላንድን ሰማይ እንዲቀዱ ሳይሆን፣ ብርሃኑ በገዛ ሰፈራቸው በማን ሥራ ላይ እንደሚያርፍ እንዲያስተውሉ ነው።