ክሎቬሊ፦ የአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ውበት አመጣጥ

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ የምትገኘው ክሎቬሊ፣ ከገደሉ አናት እስከ ወደቡ በሚወርድ ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለት ግራና ቀኝ በተደረደሩ ነጫጭ ቤቶቿ የታወቀች ትንሽ መንደር ናት። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ጊዜ ሳይነካት የቀረች ጥንታዊ ስፍራ አድርጎ ያቀርባታል፤ ይህ አቀራረብ ግን ውበቷን እነማን፣ መቼና በምን አቅም እንዳቆዩት የሚለውን ጥያቄ ስለሚሸፍን ታሪኳን ያደበዝዛል።

የመንደሯ ኑሮ የተመሠረተው በሄሪንግ፣ ማለትም በመጸው ወራት በመንጋ ወደ ዳርቻ በሚጠጋ ትንሽ የባሕር ዓሣ ላይ ነበር። ወደቡን ወደብ ያደረገው በ16ኛው ምዕት ዓመት የርስቱ ጌታ የነበረው ጆርጅ ኬሪ ያሠራው፣ ማዕበል እየሰበረ ጀልባዎችን የሚከልል፣ ወደ ባሕሩ የገባ የድንጋይ ግንብ ነው። መንገዱ ለጋሪ የማይመች በመሆኑ የተያዘው ዓሣ በአህያ ጀርባ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚው የሚያደንቀው ጠባብና ጠመዝማዛ አቀበት በመጀመሪያ የድካም መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ባሕሩም ቢሆን ለጋስ ብቻ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1838 የተነሡት ማዕበሎች ከመንደሯ ብዙ ዓሣ አጥማጆችን ወስደዋል። ይህን ሐዘን ያላካተተ የክሎቬሊ ገለጻ፣ ምንም ያህል የተዋበ ቢሆን፣ ጎዶሎ ነው።

የመንደሯ ዝና ከዳርቻዋ ርቆ የተሰማው በብዕር ነው። አባቱ በ1830ዎቹ የመንደሯ ቄስ ስለነበሩ የልጅነቱን ከፊል በዚያ ያሳለፈው ቻርልስ ኪንግስሊ በ1855 «ዌስትዋርድ ሆ!» የተሰኘውን ልቦለዱን አሳተመ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ቻርልስ ዲክንስና ዊልኪ ኮሊንስ በጋራ በጻፉት ታሪክ ውስጥ መንደሯን በሌላ ስም ሣሏት። የልቦለዱ አንባቢ በተራው ጎብኚ ሆነ፤ ዓሣው እየሳሳ በሄደ መጠንም የነዋሪዎቹ እንጀራ ወደ እንግዳ ተቀባይነት አዘነበለ።

ይሁን እንጂ ለመልኳ መጠበቅ ከሁሉ የላቀው ምክንያት የባለቤትነት ሥሪቱ ይመስላል። ዛካሪ ሃምሊን በ1738 ርስቱን ከገዛ ወዲህ መንደሯ በአንድ ቤተሰብ ተወራሾች እጅ ቆይታለች። ከ1884 እስከ 1936 ርስቱን የያዘችው ክርስቲን ሃምሊን ቤቶቹን በስፋት አሳድሳለች፤ በብዙዎቹም ግድግዳ ላይ የስሟ መነሻ ፊደላትና የእድሳቱ ዓመት ተቀርጸው ይነበባሉ። ጥንታዊ እየተባለ የሚደነቀው ገጽታ እንግዲህ በከፊል የአንዲት ባለርስት ምርጫ ያጸናው፣ ከእኛ ዘመን ብዙም ያልራቀ ሥራ ነው።

ይህ ሥሪት ሁለት ገጽ አለው። መኪና ወደ መንደሯ እንዳይገባ፣ ዕቃም በመንገዱ ላይ እየተንሸራተተ በሚጎተት ጎማ አልባ መጫኛ እንዲጓጓዝ፣ ቤቶቹም በየገዢው ፈቃድ እንዳይፈርሱ ያስቻለው የአንድ ባለቤት ሥልጣን ነው። ያው ሥልጣን ግን ነዋሪውን ተከራይ አድርጎ አስቀርቶታል፤ ጎብኚው የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋም የሚገባው ወደ ርስቱ ገንዘብ ቤት ነው። ስለሆነም ክሎቬሊን የሚያጠና ሰው ከቤቶቹ ቅርጽ አስቀድሞ የርስቱን መዛግብትና የዓሣ አጥማጆቹን የመቃብር ጽሑፎች ሊያነብ ይገባዋል።